የጥድ ፍሬና አልኮል፤ በጓዳ ስለሚዘፈዘፍ ጂን ታሪክ

በመድኃኒት ቅመማ ትምህርት ተማሪው በመጀመሪያ ከሚለምዳቸው ሥራዎች አንዱ ቲንክቸር ማዘጋጀት ነው። ቅጠሉ፣ ሥሩ፣ ቅርፊቱ ወይም ፍሬው ተከትፎ ወይም ተወቅጦ በተመጠነ አልኮል ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ዕቃው በሚገባ ይከደናል፤ በየዕለቱ ይናጣል፤ ቀኑ ሲሞላ ይጠለልና በጠርሙስ ተደርጎ ስሙና ቀኑ ይጻፍበታል። በእንግሊዝ አገር ገጠር፣ በመከር ወራት ከአጥር ላይ የለቀመችውን ጎምዛዛ ፍሬ በጂን የምትዘፈዝፍ ባልቴት የምትሠራውም ከዚህ የተለየ ሥራ አይደለም። ዕቃው አንድ፣ ፈሳሹ አንድ፣ ትዕግሥቱም አንድ ነው። የሚለያዩት ፋርማሲስቱ የሚያዘጋጀው ለሕመምተኛ፣ እርሷ የምታዘጋጀው ለገና እንግዳ በመሆኑ ብቻ ነው።

ይህ ዝምድና በአጋጣሚ የተገኘ አይደለም። ጂን ራሱ ከመድኃኒት መደርደሪያ ወርዶ ወደ ገበታ የመጣ መጠጥ ነው። በረዥሙ ታሪኩ ውስጥ ግን የሙያው ሰው ሊያልፈው የማይገባ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሣል። ቅመሙና ጣዕሙ የተጨመረው አልኮሉን ለማሳመር ነው ወይስ የአልኮሉን ክፋት ለመሸፈን? መልሱ በየዘመኑ ተለዋውጧል፤ መልሱ ሁለተኛው በሆነበት ዘመን ደግሞ ዓይን ጠፍቷል፤ እግር ሰልሏል፤ ሰውም ሞቷል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጂን ስም የተገኘው ከጥድ ነው። ሆላንዶች የን­ኤቨር የሚሉት መጠጥ ስሙን የወሰደው ከጥድ ፍሬው ሲሆን፣ እንግሊዞች ቃሉን አሳጥረው ጂን አሉት። ፍሬው የሚገኝበት ጥድ በአውሮጳ ቆላና ደጋ የሚበቅል አጭር ቁጥቋጦ እንጂ በኢትዮጵያ ደጋ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የሚታየው ረዥሙ ጥድ አይደለም። ሁለቱ የአንድ ወገን ተክሎች ናቸው፤ ነገር ግን የጥድ ዝርያ ሁሉ ፍሬው አይበላም። ሳቢና የሚባለው የአውሮጳ ጥድ ለምሳሌ መርዛም ነው። ስለዚህ በስም መመሳሰል ተማምኖ ከጥድ ሁሉ ፍሬ መልቀም አይገባም።

የጥድ ፍሬ ለሆድ ሕመም እንደሚረዳ በዝቅተኞቹ አገሮች የተጻፈው ገና በ13ኛው መቶ ዓመት ነው። በ1552 ደግሞ ፊሊፑስ ሄርማኒ የተባለ ሐኪም በአንትወርፕ ከተማ ስለ ማንጠር ጥበብ ባሳተመው መጽሐፍ የጥድ ፍሬ ውኃ እንዴት እንደሚወጣ ገልጿል። ጂንን የፈጠረው የላይደን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ፍራንሲስኩስ ሲልቪየስ ነው የሚለው ወሬ እስከ ዛሬ በብዙ መጽሐፍ ይገኛል፤ ዳሩ ግን ሲልቪየስ የተወለደው በ1614፣ ይኸውም የሄርማኒ መጽሐፍ ከታተመ ከ62 ዓመት በኋላ ስለሆነ ወሬው በራሱ የቀን ቁጥር ይፈርሳል። ይህን የመሰለ ፈጠራ የአንድ ሊቅ ሥራ ሆኖ እንዲነገር ሰው ይወዳል። እውነተኛው ፈጣሪ ግን የብዙ ቀማሚዎችና የብዙ ጓዳዎች ልምድ ነው።

በዚያን ዘመን የሚወጣው አልኮል ምን ይመስል እንደነበር ማሰብ ያስፈልጋል። በድስት መሰል ማንጠሪያ ከእህል ድፍድፍ የሚወጣ አረቄ ከኤታኖል ጋር ከባባድ አልኮሎችንና የእህሉን ሽታ ይዞ ይወጣል። ሁለተኛ ካልተነጠረ ጉሮሮ ይቧጥጣል። የጥድ ፍሬ ዘይት፣ በተለይም ፒኒን የሚባለው ክፍል፣ በአልኮል በቀላሉ ይሟሟል፤ ሽታውም ብርቱ ስለሆነ የአረቄውን ሻካራነት ይጋርዳል። እንግዲህ ጥዱ ገና ከመጀመሪያው ሁለት ጌታ ያገለግል ነበር፤ በአንድ በኩል መድኃኒት፣ በሌላ በኩል መሸፈኛ።

በእንግሊዝ አገር በ17ኛው መቶ ዓመት የታላላቅ ሰዎች ቤት ለብቻው የተለየ የማንጠሪያ ክፍል ነበረው። በዚያ የምትሠራው ብዙውን ጊዜ እመቤቲቱ ራሷ ነበረች። የጽጌረዳ ውኃ፣ የጥድ ውኃ፣ ለቁርጠትና ለትኩሳት የሚሆን ልዩ ልዩ ቅመም ያለበት አረቄ ታዘጋጃለች፤ አሠራሩንም በእጅ ጽሑፍ መዝግባ ለልጇ ታወርሳለች። የለንደን አንጣሪዎች ማኅበር በ1638 በንጉሥ ቻርልስ 1ኛ ቻርተር ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ የንጉሡ ሐኪም ሰር ቴዎዶር ደ ማየርን ነበር። ማኅበሩ በ1639 ያሳተመው የሙያ መጽሐፍ የአንዳንዱን ቅመም ስም በምሥጢር ቃል ለውጦ የጻፈ ስለሆነ አባል ያልሆነ ሰው ቢያነበው አይገባውም ነበር። ባልቴቲቱ በግልጽ ለልጇ የጻፈችውን ማኅበሩ በቁልፍ ዘጋው ማለት ነው። የሙያ ማኅበራት ታሪክ ይህን ዓይነት ነገር ያውቃል።

ቁልፉ ግን ብዙ አልቆየም። በ1688 ሆላንዳዊው ዊልያም የእንግሊዝን ዙፋን ያዘ፤ ከፈረንሳይ ጋር ጦርነት ሆነ፤ የፈረንሳይ ብራንዲ ታገደ። በ1690 የወጣው ሕግ ከአገር ውስጥ እህል አረቄ ማውጣትን አበረታታ፤ የማኅበሩም ብቸኛ መብት ተሻረ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታሪክ ጸሐፊዎች የጂን እብደት ብለው ይጠሩታል። ትላልቅ አንጣሪዎች ጥሬውን አልኮል ያወጣሉ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ትናንሽ ነጋዴዎች ደግሞ ያንን ገዝተው በየጓሮውና በየምድር ቤቱ ቅመም ጨምረው ይሸጣሉ። ቅመማው የእነዚህ የትናንሾቹ ሥራ ነበር፤ የሚቆጣጠራቸውም አልነበረም።

መንግሥት ሕግ በሕግ ላይ አወጣ። በ1729 የወጣው ሕግ ቀረጥ የጣለው ጥድና ሌላ ቅመም በተጨመረበት አረቄ ላይ ነበር። አንጣሪዎቹ ምን አደረጉ? ቅመሙን ተዉትና ያልተቀመመውን አረቄ ሸጡ፤ ሕዝቡም በምክር ቤቱ ላይ እየቀለደ የፓርላማ ብራንዲ አለው። ጣዕምን ቀርጦ ስካርን ማቆም እንደማይቻል ለመረዳት አራት ዓመት ፈጀ፤ ሕጉ በ1733 ተሻረ። በ1736 ደግሞ እጅግ የከበደ ሕግ መጣ። በችርቻሮ ለሚሸጥ በዓመት 50 ፓውንድ የፈቃድ ዋጋ፣ በየጋሎኑም 20 ሽልንግ ቀረጥ ተጣለ። ይሁንና ሕጉ አንድ በር ክፍት ተወ። ሐኪሞች፣ መድኃኒት ቀማሚዎችና የቀዶ ጥገና ሰዎች ለሕመምተኛ በሚያዘጋጁት መድኃኒት ውስጥ የሚጨምሩት አልኮል ከሕጉ ነፃ ነበር። ወዲያው የቁርጠት ውኃ የሚል ጽሑፍ የተለጠፈባቸው፣ ሁለት ሦስት ማንኪያ ይወሰድ የሚል ትእዛዝ ያለባቸው ጠርሙሶች በለንደን በዙ። በውስጣቸው የነበረው ጂን ነው። ሕመምተኞቹም በአንድ ጊዜ እንዲያ መብዛታቸው ማንንም አላስገረመም። የመድኃኒት ቀማሚው ስም ለሽፋን የዋለበት ይህ ምዕራፍ በሙያው ታሪክ ውስጥ ብዙ አይነገርም፤ ነገር ግን መነገር ነበረበት።

ሕጉ በ1743 ተሻረ፤ ነገሩን ያረጋጋው በ1751 የወጣው፣ አንጣሪ ፈቃድ ለሌለው ቸርቻሪ እንዳይሸጥ የከለከለው ሕግ ነው። ዊልያም ሆጋርት ሕፃኑ ከእናቱ ክንድ ሲወድቅ የሚያሳየውን የታወቀ ሥዕሉን ያወጣውም በዚሁ ዓመት ነው።

በጠርሙሱ ውስጥ የነበረውን ለማወቅ የሚፈልግ አምብሮዝ ኩፐር በ1757 ያሳተመውን የማንጠር መጽሐፍ ይመለከታል። ኩፐር በየመሸታ ቤቱ የሚሸጠው ተራ ጂን የሚሠራው ከጥድ ፍሬ ሳይሆን ከተርፐንታይን ዘይት፣ ማለትም ቀለም ቀቢዎች አኳራጅ ከሚሉት፣ መሆኑን ሳይሸሽግ ይጽፋል፤ ለ10 ጋሎን አረቄ 2 አውንስ ይበቃል ብሎ መጠኑንም ይሰጣል። ለዚህ ኬሚካዊ ምክንያት አለው። ተርፐንታይን በአብዛኛው የዚያው የፒኒን ወገን ስለሆነ ሽታው ጥድን ያስመስላል፤ ዋጋው ግን እጅግ ርካሽ ነው። አፍንጫ ተታልሏል፤ ኩላሊትና ሆድ ግን አልተታለሉም።

ሌላው ማታለያ ብርታት ማስመሰል ነበር። በለንደን ይኖር የነበረው ጀርመናዊ ኬሚስት ፍሬድሪክ አኩም በ1820 ስለ ምግብና መጠጥ ማጭበርበር ባወጣው መጽሐፍ፣ ውኃ የበዛበት አረቄ ብርቱ መስሎ እንዲታይ ሚጥሚጣ መሰል በርበሬና የገነት ፍሬ የሚባለው ቅመም እንደሚጨመርበት አጋልጧል። የገነት ፍሬ ከምዕራብ አፍሪካ የሚመጣ፣ ለኢትዮጵያ ኮረሪማ የቅርብ ዘመድ የሆነ ፍሬ ነው። ቢራ ጠማቂ ይህን ቅመም ከቤቱ ቢገኝበት 200 ፓውንድ፣ ለጠማቂ የሸጠ መድኃኒት ነጋዴ ደግሞ 500 ፓውንድ እንዲቀጣ በ1816 ሕግ ወጥቶ ነበር። ሻጩ ከገዢው የበለጠ የሚቀጣበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ የቅመሙን ጠባይ የሚያውቀው እርሱ ነው። ዛሬ ያው ፍሬ በታወቁ የጂን ፋብሪካዎች ዘንድ በግልጽ የሚጠራ የክብር ቅመም ሆኗል።

ነገሩን የለወጠው ከሁሉ በላይ የኤኒየስ ኮፊ ማንጠሪያ ነው። ይህ አየርላንዳዊ የቀረጥ ሹም በ1830 ያስመዘገበው ባለ ዓምድ ማንጠሪያ ሳያቋርጥ የሚሠራ፣ ከፍተኛ ንጽሕና ያለው አልኮል የሚሰጥ ነበር። አረቄው ንጹሕ ሲሆን መሸፈን የሚያስፈልገው ክፋት አልቀረም። ቅመሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ራሱ ጣዕም ብቻ ይጨመር ጀመር። ስኳር የማያስፈልገው ደረቅ የለንደን ጂን የተወለደው ከዚህ በኋላ ነው። ፋርማሲስቶችም የራሳቸውን አልተዉም። በእንግሊዝ የመድኃኒት መጽሐፍ ውስጥ የተቀናበረ የጥድ ስፒሪት በሚል ስም ይገኝ የነበረው መድኃኒት ጥድ፣ እንስላልና ካራዌይ የሚባለው የአዝሙድ ዓይነት በአልኮል የተዘጋጀ ሲሆን፣ ሽንት እንዲያበዛ ይታዘዝ ነበር። የላቲን ስሙን አንሥቶ ለቀመሰው ሰው ጂን ነው።

ባልቴቲቱ ወደ ታሪኩ የምትመለሰው እዚህ ላይ ነው። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝ የጋራ መሬት በሕግ እየተከለለ ለግል ሲሰጥ በየድንበሩ የእሾህ አጥር ተተከለ። አጥር ከሆኑት ቁጥቋጦዎች አንዱ ጥቁር እሾህ የሚባለው የፕሪም ዘመድ ነበር። ፍሬው ስሎ ይባላል፤ እንደ ወይን ዘለላ ፍሬ ትንሽ፣ ቆዳው ጠይም ሰማያዊ፣ ሲበሉት አፍን የሚያጣብቅ ነው። መሬቱን የተነጠቀው ድኻ ከአጥሩ ፍሬ መልቀም አልተከለከለም ነበርና ለቀመ። በ1874 በስኳር ላይ የነበረው ቀረጥ ፈጽሞ ሲነሣ ደግሞ ዋጋው ለተራ ቤተሰብም ቀለለ። ንጹሕ ጂን፣ ርካሽ ስኳር፣ ዋጋ የማይከፈልበት ፍሬ፤ የስሎ ጂን የቤት ልማድ ሆኖ የጸናው በእነዚህ ሦስት ነገሮች መገናኘት ነው።

አሠራሩ ይህ ነው። ፍሬው ውርጭ ከመታው በኋላ ይለቀማል፤ ውርጩ ቆዳውን ሰንጥቆ ጭማቂው በቶሎ እንዲወጣ ያደርጋል። ውርጭ ያልጠበቀ ሰው እያንዳንዱን ፍሬ በእሾህ ወይም በሹካ ይወጋል፤ የዛሬው ደግሞ በማቀዝቀዣ አስሮ ያሳድረዋል። ጠርሙሱ እስከ ግማሽ ድረስ በፍሬ ይሞላል፤ ስኳር ይጨመራል፤ ፍሬው ፈጽሞ እስኪሸፈን ጂን ይፈስበታል። በጨለማ ቦታ ተቀምጦ በመጀመሪያው ሳምንት በየዕለቱ፣ ከዚያም በየሳምንቱ ይገለበጣል። ቢያንስ ሦስት ወር ይቆያል። ከፍሬው የሚወጣው ውኃ የአልኮሉን ብርታት ስለሚቀንሰው፣ በአውሮጳ ኅብረት ደንብ ጂን ከመቶ 37.5 እንዳያንስ ሲደነገግ የስሎ ጂን ከመቶ 25 ጀምሮ ተፈቅዶለታል። ከፍሬው አስኳል የሚወጣው ለስላሳ የለውዝ ሽታ የሚወደድ ነው፤ ነገር ግን አሚግዳሊን የሚባለው፣ ሲፈርስ ሲያናይድ የሚወልደው ነገር የሚገኘው በዚያው አስኳል ውስጥ ስለሆነ ፍሬውን ከነአስኳሉ መውቀጥ አይገባም። ባልቴቲቱ የአሚግዳሊንን ስም አታውቅም፤ አትወቅጠውም ግን።

ይህ ሰላማዊ ልማድ በእንግሊዝ ጓዳ ሲቀጥል በአሜሪካ ሌላ ታሪክ ተጻፈ። አልኮል መሥራትና መሸጥ በመላው አገር ከጥር 17 ቀን 1920 ጀምሮ ተከለከለ። ንጹሑ አልኮል ከገበያ ሲጠፋ ቅመሙ ወደ ጥንቱ የመሸፈን ሥራው ተመለሰ። የመታጠቢያ ገንዳ ጂን የተባለው መጠጥ ከየትም ከተገኘ አልኮል፣ ከውኃ፣ ከጥቂት የጥድ ዘይትና ጉሮሮ ለማለስለስ ከሚጨመር ግሊሰሪን በቤት ይቀናበር ነበር። ማንጠር የለበትም፤ ማንም በአንድ ምሽት ያደርሰዋል። የአልኮሉ ምንጭ ግን ብዙውን ጊዜ ለፋብሪካ ሥራ የተመረተ ስፒሪቶ ነበር። ይህ ስፒሪቶ ከ1906 ጀምሮ ከቀረጥ ነፃ የሆነው እንዳይጠጣ ሜታኖልና ሌላ ነገር እየተጨመረበት ነው። ሕገ ወጥ ነጋዴዎች ኬሚስት ቀጥረው ሊያጠሩት ሞከሩ፤ መንግሥትም የመርዙን መጠን እንዲጨምር አዘዘ።

ሜታኖል በሽታውም ሆነ በጣዕሙ ከኤታኖል እምብዛም አይለይም። በጉበት ውስጥ ግን መጀመሪያ ፎርማልዴሃይድ፣ ቀጥሎም ፎርሚክ አሲድ ይሆናል፤ የዓይንን ጅማት ያቃጥላል፤ ደምን ያመርራል። ጠጪው በመጀመሪያ የሚሰማው ተራ ስካር ነው፤ ሕመሙ ከብዙ ሰዓት በኋላ ይነሣል። በ1926 የገና ሰሞን በኒው ዮርክ ብዙ ሰዎች በዚህ መርዝ ወደ ሆስፒታል ገቡ፤ የሞቱም አሉ። የከተማው ዋና የአስከሬን መርማሪ ሐኪም ቻርልስ ኖሪስና የመርዝ ጥናት ባለሙያው አሌክሳንደር ጌትለር የእያንዳንዱን ሟች ምርመራ መዝግበው፣ መንግሥት ሰው እንደሚጠጣው እያወቀ መርዝ መጨመሩ ከሞቱ ተጠያቂነት ነፃ አያደርገውም ሲሉ በአደባባይ ተናገሩ። የክልከላው ደጋፊዎች መሪ ዌይን ዊለር ደግሞ ይህን የሚጠጣ ሰው ራሱን አውቆ የገደለ ነው ሲል መለሰ። በዚህ ክርክር ውስጥ ቤተ ሙከራው ከሟቾቹ ጋር መቆሙ ለሙያው ክብር ነው።

በ1930 የደረሰው ደግሞ ፋርማሲስቶችን ይበልጥ ይመለከታል። የጃማይካ ዝንጅብል የሚባለው የዝንጅብል ዝፍዝፍ ለሆድ መድኃኒትነት የታወቀ፣ ከመቶ 70 በላይ አልኮል ያለበት፣ በትንንሽ ጠርሙስ በየመድኃኒት ቤቱ የሚሸጥ ነበር። ድኾች ለስካር እንዳይገዙት መንግሥት በውስጡ ያለው የዝንጅብል ጭማቂ እንዲበዛና እንዲያቃጥል አዘዘ፤ ተቆጣጣሪውም ናሙናውን አትንኖ የቀረውን ዝቃጭ ይመዝን ነበር። በቦስተን የነበሩ ነጋዴዎች ዝንጅብሉን ቀንሰው ሚዛኑን ለመሙላት ሽታና ጣዕም የሌለው፣ ለፕላስቲክና ለቀለም ሥራ የሚውል ትራይኦርቶክሬሲል ፎስፌት ጨመሩበት። ሚዛኑ ሞላ፤ ምርመራው ታለፈ። ዝፍዝፉን የጠጡ ግን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እግራቸው ሰለለ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እግራቸውን እየጎተቱና እየጣሉ መሄድ ያዙ፤ ብዙዎቹም እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ አልዳኑም። መርዙን ለይተው ያወቁት ሞሪስ ስሚዝና ኤልያስ ኤልቮቭ የተባሉ የመንግሥት የጤና ተመራማሪዎች ናቸው። የሕጉ ሚዛን የለካው ክብደትን እንጂ ምንነትን አልነበረም፤ ነጋዴው ይህን ከተቆጣጣሪው አስቀድሞ አውቋል። ክልከላው ታኅሣሥ 5 ቀን 1933 ተነሣ።

በኢትዮጵያም አረቄ መዘፍዘፊያ መሆኑ አዲስ ነገር አይደለም። ነጭ ሽንኩርት ተልጦ በጠርሙስ አረቄ ውስጥ ሰንብቶ ለጉንፋንና ለሆድ ይጠጣል። ዳግም የሚባለው ሁለተኛ የወጣ አረቄ ከመጀመሪያው ይልቅ ለዚህ መመረጡም ቀማሚ የሚያስተምረውን የጓዳ ልምድ አስቀድሞ ማወቁን ያሳያል፤ ብርቱ አልኮል የተሻለ ያሟሟልና። ከእህል ድፍድፍ በደንብ የወጣ አረቄ በተፈጥሮው የሚይዘው ሜታኖል ጥቂት ነው። በልዩ ልዩ አገሮች በአንድ ሌሊት ብዙ ሰው የሚገድለው በአብዛኛው ከፋብሪካ ተሰርቆ ወይም ተገዝቶ የተቀላቀለው ነው። ነጭ ሽንኩርቱም ሆነ ጥዱ ያንን አያወጣውም፤ አያሳይምም።

ከ2009 ወዲህ፣ በለንደን ትናንሽ አንጣሪዎች ፈቃድ ማግኘት ከጀመሩ በኋላ፣ ጂንን በቤት መዘፍዘፍ እንደ አዲስ ፋሽን ተነሥቷል። በቤት ማንጠር በእንግሊዝም በአሜሪካም ያለ ፈቃድ ክልክል ሲሆን ቀረጡ የተከፈለበትን ጂን ገዝቶ ለራስ መዘፍዘፍ ግን አይከለከልም። ሻይ ቅጠል ከሰዓታት በላይ ከቆየ ታኒኑ ያመርረዋል፤ ዱባ መሰሉ ኪያር አንድ ቀን ይበቃዋል፤ የሎሚ ልጣጭ ነጩ ክፍሉ ከተላጠለት ሁለት ሦስት ቀን ይታገሣል፤ ቀረፋና ሄል በመጠን ካልተያዙ ሌላውን ሁሉ ይውጣሉ። አደጋው ያለው ሌላ ቦታ ነው። ትንባሆ የዘፈዘፈ ሰው ኒኮቲንን አውጥቶ ይጠጣል። የኪና ቅርፊት ዱቄት በቤት ዘፍዝፈው ቶኒክ ለመሥራት የሞከሩ ሰዎች ደግሞ ዱቄቱ በወንፊት ስለማይጠለል መጠኑን ሳያውቁ ኪኒን በዝቶባቸው ጆሯቸው ጮኾ፣ ራሳቸው ዞሮ ሐኪም ዘንድ ቀርበዋል። የቅርፊቱን መጠን መለካትና ማጥለል ጥንትም የመድኃኒት ቀማሚው ሥራ ነበር።

የስሎ ጂን የምታዘጋጀው ባልቴት ግን ጥር ሲገባ ፈሳሹን በጨርቅ ታጠልላለች፤ ጠርሙሱ ላይ ዓመቱን ትጽፋለች፤ የዘንድሮውን ለመጪው ገና አስቀምጣ የአምናውን ታወጣለች። የተጠለለውን ፍሬ አትጥለውም። አንዳንዷ አስኳሉን አውጥታ በቸኮላት ትለብጠዋለች፤ ሌላዋ የፖም ጠላ ታፈስበትና በዚያው ጠርሙስ እንደገና ትዘፈዝፈዋለች።